ለብቻችን ስለተከፈተልን በር የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለጸሐፊዎ፣ በርዎ ላይ ለሚቆመው ጥበቃ ሳይቀር ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ጤና የሚያድሉት እርስዎ ሆነው ሳለ እኔ ልመኝልዎ መነሣቴ ለመምህር ሀሁ እንደ ማስቆጠር እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። እኔም፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። በዚህ ከተማ ካሉት ጫኝና አውራጆች መካከል ኩንታል በአንድ ትከሻ የሚያወጣ ከእኔ ሌላ አልተገኘም፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ፊደልንም ረትቻለሁ። ከማታ ትምህርት ቤት አንደኛ ወጥቻለሁ፤ ከጎኔ የሚቀመጡት አሮጊት ቅር እንዳይላቸው መምህሩ «እኩል ናችሁ» አለን እንጂ ነገሩስ እንደዚያ አልነበረም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ማንም እጄን ይዞ እንዳላጻፈኝ ይወቁልኝ።

ከክፍል ውጭ በራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ የእርስዎ ነበር። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁትና፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «በበጀት እጥረት ምክንያት የኤች አይ ቪ ክትትል አገልግሎት ከዚህ ተነሥቶ ወደ ማዕከላዊው ሕንፃ ተዛውሯል» የሚለውን ሳልንተባተብ ተወጣሁት። ሰው አጨበጨበልኝ፤ እኔም እጅ ነሣሁ። ምን እንዳነበብኩ የገባኝ፣ ባለቤቴ ከአግዳሚው ተነሥታ፣ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጎትታ ስትወጣ ሳይ ነው።

አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥርም ተምሬያለሁና።

፩ኛ. ስለ በሩ። በድሮው ጤና ጣቢያ ያለው በር አንድ ብቻ ነበር። ጥርሱን የሚያስነቅለውም፣ ልጇን የምታስከትበውም፣ ሳል የጠናበትም፣ እኛም በዚያው ስንገባ፣ ማን ለምን እንደመጣ ሲስተር ከምንላት ነርሳችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ባለቤቴ ለጎረቤት «ጥርሴን ነው» ትል ስለነበር፣ ይህን ያህል ዘመን ስትታከም ጥርሷ አለማለቁ ሰፈሩን ሲያስገርም ኖሯል። እርስዎ ይህን መጉላላታችንን አይተው በማዕከላዊው ሕንፃ ለብቻችን በር፣ ለብቻችን አግዳሚ፣ ከበሩም በላይ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ሆኖ የሚነበብ ታፔላ አድርገውልናል። ቀለሙ ያምራል። ለሲስተር ደመወዝ የጠፋው በጀት ለታፔላ መገኘቱን ስሰማ፣ ለካስ ገንዘብ የሚያስብለት ሰው ካገኘ የትም አይጠፋም አልኩ። ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ትልቅ ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ተርተውብናል። እውነታቸውን ነው፤ ተረቱ ግን አትደብቀው አለ እንጂ በር ላይ ስቀለው አላለም።

፪ኛ. ስለ ራሴ። እኔስ ዘዴ አላጣሁም። ባዶ ካርቶን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ የከበደኝ መስዬ እያቃሰትኩ እገባለሁ፤ ጫኝን ማን ቀና ብሎ ያያል? ጥበቃው ራሱ «ቀስ፣ ጎበዝ፣ ወገብህን» እያለ በሩን ይይዝልኛል። መድኃኒቴን ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ እያቃሰትኩ እወጣለሁ። ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ካርቶን የተሸከመ ሁሉ የሚጠረጠር ከሆነ፣ የሙያ ወንድሞቼን ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ስለ ባለቤቴ። እሷ ካርቶን ተሸክማ ብትገባ ማን ያምናታል? ሥራዋን አልገልጽም፤ ሰው ቤት የሚያስገባ ሥራ ነው፤ እዚያ አግዳሚ ላይ አንዴ ከታየች በማግስቱ የሚከፍትላት አይኖርም። ስለዚህ የእሷንም እኔ ልውሰድላት ብዬ በትሕትና ብጠይቅ፣ ወጣቱ ባለሙያ «ራሷ ትምጣ፣ ደሟ መታየት አለበት» አለኝ። ልክ ነው፤ በሕግ አልከራከርም። ሲስተር ቤት ድረስ እየመጣች ታያት እንደነበር ባስረዳው «ያ በጀት እኮ ተዘግቷል፣ ጋሼ» አለኝ። ጋሼ ማለቱ ደስ ብሎኛል።

እናም የአንድ ሰው መድኃኒት ለሁለት ሆነ፤ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ። ይህ እንደማይሆን ጠፍቶን አይደለም፤ የሚቆራረጥ መድኃኒት በሽታውን እንደሚያጀግነው ሲስተር እየተቆጣች ነግራናለች። «ሁሉንም አንቺ ዋጪው፣ እኔ ብረት ነኝ» ብላት «ብረትም ይዝጋል፣ ዝም ብለህ ተራህን ጠብቅ» አለችኝ። ባለፈው ሰሞን ፍራሹን ሳራግፍ ግን የእሷ ተራ ክኒኖች በመሐረብ ተቋጥረው ወደቁ። አንዱንም አልነካችውም። «ላንተ ነው ያስቀመጥኩት፤ ጭነት የምታነሣው አንተ ነህ» አለች። እኔ፣ ለማንም መልስ የማላጣው ሰውዬ፣ መሐረቡን መልሼ ቋጠርኩት።

፬ኛ. አራተኛም ነበረኝ፤ ሦስተኛውን ከጻፍኩ በኋላ ግን ተረሳኝ።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ሲስተርን ይመልሱልን፣ ካልሆነም ታፔላውን ያውርዱልን። ይህንኑ በቃል ለማቅረብ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስመላለስ፣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎንና ስብሰባውም ስለ እኛ መሆኑን አስረድታኛለች። ስለ እኛ ይህን ያህል ስለተቀመጡልን እግዜር ይስጥልኝ።

ጅራቷ ከወረቀቱ ጠርዝ የምትደርስ ፊርማ አለችኝ፤ ብዙ ወረቀት የፈጀሁባት ናት። ልፈርም ስል ግን ባለቤቴ እጇን ወረቀቱ ላይ ጫነችብኝ። ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ትከሻዬን ለጭነትዎ፣ አንገቴን ለትእዛዝዎ ዝቅ አድርጌ የምሰናበትዎ፣

ከከተማው ጫኞች አንዱ

ከፊርማው ቦታ በታች የተጨመረ፦ በአዲሱ በር የሚገባው ሰው ከድሮው እጅግ በማነሱ በሽተኛው ቀንሷል ተብሎ፣ የሚመጣው ዓመት በጀትም እንዲቀነስ መታሰቡን ሰማሁ። መቀነስን እኔም ተምሬያለሁ፤ መምህራችንም የተቀነሰው የት ገባ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። እርስዎ ግን ድንገት ከጠየቁ፣ ከተቀነሱት አንዷ ዛሬ ሥራ መሄድ አቅቷት እኔ ቤት ተኝታለች።