የአሰቦቱ ጃንጥላ

ተስፍሽ፣ እፎይ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ዛሬ ከመቻራ ስንመለስ ጎማ ፈንድቶብን ጭሮ የደረስነው ዘግይተን ነው። የእንግሊዙ ክለባችን ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ቦርሳዬን እንዳዘልኩ ዲኤስቲቪ ቤት ገባሁ። አንድ ለዜሮ እየተመራን ነው! ያ የምታመልከው አጥቂያችን ንፋስ በነካው ቁጥር ይወድቃል። የእኛ አገር ሯጮች አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ሮጠው ቆመው ቃለ መጠይቅ ይሰጣሉ፤ እሱ በሃያ ደቂቃ ቃሬዛ ያስጠራል። አንድ ቀን የመቻራን መንገድ በአይሱዙ ቢያስኬዱት መቆም ይለምድ ነበር።

የገረመኝ የሰዉ እርጋታ ነው። እኛ ሰፈር ቢሆን ወንበር ይበር ነበር፤ እዚህ ሁሉም ጫቱን ይዞ፣ ቲቪውን ትቶ እኔን ያያል። ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ አላስቻለኝም፤ ብድግ ብዬ፣ «የአሰቦት ሥላሴ፣ አንድ ጎል ብቻ! ጃንጥላ አስገባለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ወዲያው ገባ! አጠገቤ የነበሩትን ኦቦ ኩማን፣ ጴንጤ ናቸው፣ የዚሁ ከተማ መምህር፣ ጥምጥም አልኩባቸው። እሳቸው እንባቸው እስኪመጣ እየሳቁ፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ድጋሚው ነው። ጨዋታው አንድ ለአንድ ካለቀ ቆየ። ጌታ ገና ሳትለምነው ነው የሰጠህ» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ለካ እኔ ብቻ ነበርኩ የማላውቀው!

ስለት ግን ስለት ነው፤ ነገ በአሰቦት በኩል እመጣለሁ። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እማማንና ዓይናዲስን ሳምልኝ። ጃንጥላውን የሚቀበሉኝ አባትም ውጤቱን ቀድመው ሰምተው እንዳይሆን ጸልይልኝ።

ኃይለየሱስ