የችሎት ድምፅ በሆርማት ዳር

ሰኞ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1955 ዓ.ም.

ዘነበች አኩርፋ ጓሮ ገብታለች። ምሳ ሲዘገይብኝ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ወይዘሮ ዘነበች ካሳ! ወይዘሮ ዘነበች ካሳ! ወይዘሮ ዘነበች ካሳ!» ብዬ ተጣራሁ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዷ ሴትዮ «ምን አድርጋ ነው የተከሰሰችው?» ብላ ጠየቀች።

ምን ላድርግ? ፀጉሬ እስኪሸብት የወረዳው ፍርድ ቤት ችሎት አስከባሪ ነበርኩ። ሥራዬ በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይን ከነአባቱ ከነአያቱ ሦስት ሦስት ጊዜ መጥራት ነው። ጡረታ ሲያወጡኝ ካፖርቱን ተረከቡኝ፤ ድምፁን የሚረከብ ግን አልተገኘም። ይኸው ከግንቦት ጀምሮ ቤት ተቀምጦ ሰው ያስቸግራል።

እስካሁን የሞከርኩት፦ ዶሮ ማርባት (ሸለምጥማጥ ጨረሳቸው)። የቤተ ክርስቲያን አጥር ማጠር (ወገቤ)። ጠጅ ቤት ተቀምጦ መጫወት (የማወራው ሁሉ የሰው ክስ እየሆነ ሰዉ ሸሸኝ)። ዘነበች «ወይ አንተ ሥራ ፈልግ፣ ወይ እኔ ቤት ልፈልግ» ትላለች። እየቀለደች አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

አባ ሰይድ ቤት ድረስ መጡ። የሆርማት ወንዝ የውሃ አባት ናቸው። ክረምት ላይ ወንዙ ከላስታ ተራራ ሲወርድ ጎርፉን ወደ ማሳ የሚያስጠልፉት፣ ተራውንም የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። ቆላው ላይ ጠብ ባይል እንኳ ተራራው ላይ ከዘነበ ማሽላው ይድናል። ጎርፉ ሲደርስ ባለተራዎቹ ተሯሩጠው ክትሩን፣ ውሃውን ወደ ማሳ የሚመልሰውን የአፈር ግድብ፣ ካልያዙት ግን ይጥሰውና ውሃው ወደ አፋር በረሃ ያልፋል። ስለዚህ ሾላው ሥር ቆሞ ባለተራዎቹን በየስማቸው የሚጣራ ሰው አላቸው። የድሮው ጠሪ ዘንድሮ ዋጃ ከተማ ልጁ ዘንድ ገባ።

«ትናንት ሚስትህን ስትጣራ ማሳ ላይ ሆኜ ሰማሁህ» አሉኝ። «ወላሂ፣ እኔም አቤት ልል ምንም አልቀረኝ።»

ስለ እርሻ የማውቀው ነገር የለም፤ ማሽላን ከበቆሎ የምለየው ሲበስል ነው። ግን እሺ አልኩ። ዘነበች ከውስጥ «ተመስገን!» ስትል ተሰማ። ድምፅዋን ዝቅ ለማድረግ እንኳ አልሞከረችም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 8

ውርደት።

ከቀትር በኋላ በላስታ በኩል ጠቆረ። ቆይቶ ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ተሰማኝ። ሾላው ሥር ቆምኩ፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። «እንድሪስ መሐመድ አሊ! ቅረብ! ሞላ አራጌ ወልዴ! ቅረብ! ይመር ሁሴን አደም! አለህ ወይስ የለህም?» ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ። ድምፄ እንደዚያ አምሮልኝ አያውቅም።

የመጣ ሰው የለም። ጭራሽ በቅርብ ይታዩኝ የነበሩትም ጠፉ። እንድሪስ ማሽላ ውስጥ ተኝቶ ተደበቀ። ሞላ አጥር ዘሎ ወደ ጎብዬ መንገድ ወጣ። ይመር ብቻ አካፋውን ይዞ ቀረ፤ አንድ ሰው ምን ሊያደርግ? ጎርፉ ዓይናችን እያየ ክትሩን ጥሶ ሄደ።

ኋላ ሲጠየቅ እንድሪስ «ያ የመሬት ክርክር ተነሳብኝ ብዬ ነዋ!» አለ። ሞላ ደግሞ «ይኸ ሰውዬ ስሜን በጠራ ቁጥር አንድ በሬ ከቤቴ ወጥቷል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም መሳቅ ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ሾላው ሥር ተሰብስበው ስለ እኔ መከሩ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ማንም ሂድ አላለኝም፣ ማንም ተቀመጥም አላለኝም። ሞላ «ሌላ ሰው ይፈለግ፤ እሱ ከሚጠራኝ መሬቴ ይድረቅ» አለ። ብዙዎቹ ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አባ ሰይድ «ፍርድ ቤት ለእኛ ስንት ቀጠሮ ሰጥቶናል፤ እኛስ አንድ ብንሰጠው?» አሉ። ስለዚህ አንድ ጎርፍ ተጨመረልኝ። ያም ካመለጠ በቃ፣ ወደ ዘነበች እመለሳለሁ።

ሰው ሲበተን አባ ሰይድ ወደ ጎን ወሰዱኝ። «አብሽር» አሉኝ። «እዚህ ሰው የሚጠራው በበኩር ልጁ ነው፤ አባ እገሌ ተብሎ። በሙሉ ስሙ የሚጠራው ግብር ሰብሳቢና አንተ ብቻ ናችሁ።»

ይኸን ያህል ዘመን ስጣራ ስሙን ሰምቶ ደስ ያለው ሰው አላስታውስም። አስቤው አላውቅም ነበር። ከፋኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 10

ዘነበች ከገበያ የማታውቀው ሰው የለም። ምስር እየለቀመች ታስተምረኝ ጀመር። እንድሪስ አባ ፋጡማ ነው። ሞላ አባ ተገኘ። ይመር አባ ከድር። የሌሎቹንም ነገረችኝ። የአባትና የአያታቸውን ስም እንደ ዳዊት የምደግምላቸው ሰዎች ናቸው፤ የልጆቻቸውን ስም ግን ዛሬ መስማቴ ነው።

ስሙን ያዝኩ። ዜማው እምቢ አለኝ። «አባ ፋጡማ!» ስል የፍርድ ቤቱ አጠራር ይገባበታል።

«እንደ ክስ አታንብበው!» አለችኝ። «ወጥ እየቀዘቀዘበት ያለ ሰው አስመስለህ ጥራው።»

ሞከርኩ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ዘነበች ምስሩን እስክትደፋ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። አብረን ስንስቅ ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያችን ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 11

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጎርፉ መጣ፤ ከረቡዕ የበረታ ነው።

«አባ ፋጡማ! ወንዙ ደረሰ!» እንድሪስ ከማሳው ጫፍ «መጣሁ!» ብሎ ሮጠ። ችሎት ላይ መልሱ «አቤት» ነው፤ እሱም እየተንቀጠቀጠ። «መጣሁ» ያለኝ ሰው አልነበረም። «አባ ተገኘ! ፍጠን!» ሞላም መጣ፣ እያጉረመረመ። ሌሎቹም መጡ።

መጨረሻ ላይ «አባ ከድር! ድረስ!» አልኩ።

ይመር ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ማሳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም፤ ደግሜ «አባ ከድር!» አልኩ። ያኔ ዘሎ ጭቃው ውስጥ ገባ፤ አካፋውን እንደ እብድ ያነሳ ይጥል ጀመር። ክትሩ ያዘ። ውሃው ተጠምዝዞ ወደ ማሽላው ገባ። አባ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ሰው ሲረጋጋ እንድሪስ ክንዴን ይዞ ፈቀቅ አደረገኝ። «ከድርኮ ሞቷል» አለኝ። «ወባ ነው የወሰደው፣ ጥጃ እንኳ ለመጠበቅ ሳይደርስ። ከዚያ ወዲህ ያንን ስም አባቱ ፊት የሚያነሳ የለም።»

ዘነበችም አታውቅም ነበር። ስሙን የያዘችው ድሮ፣ የይመር ሚስት ልጁን አዝላ ገበያ ስትወጣ ነው። ስነግራት አለቀሰች። እራት ቀረበ፤ ሁለታችንም አልነካነውም።

እሁድ፣ ነሐሴ 12

ከቅዳሴ መልስ ይመር ቤት ሄድኩ። ዘነበች እኔ ልሂድ ብላ ነበር፤ የጠራሁት እኔ ነኝ አልኳት። ይመር ደጁ ላይ ሞፈር ይጠርባል። ቆሜ «አላወቅኩም፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«እናቱ እቤት ሆና ሰማችህ» አለኝ። «ተነስታ በር ላይ ቆመች። እኔም ስመለስ እዚያው ናት።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ሰው እንዳይከፋን ብሎ ስሙን ተወው። እኛም ሰው እንዳይጨንቀው ብለን ዝም አልን። ትናንት ግን ‹ለካ ልጅ ነበረን› አለችኝ።» መጥረቢያውን መልሶ አነሳ። «ነገም ተረኛ ነኝ። በዚያው ስም ጥራኝ። ቤት ድረስ እንዲሰማ፣ ጮክ አድርገህ።»

ስመለስ አባ ሰይድን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ክረምቱን በሙሉ ጠሪው እኔ እንድሆን ተስማምተዋል፤ ሞላም ጭምር። ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

አሁን በላስታ በኩል ደመናው እየተከመረ ነው። ነገ ከወረደ ያንን ስም እጠራለሁ። ዳኛ ፊት ጉሮሮዬ አንድም ቀን ከድቶኝ አያውቅም፤ ለነገው ግን ዋስ አልሆነውም።