ሦስተኛው አሻራ የእኔ ነበር

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ሞጣ

ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የጥምቀትን ማኅሌት ቆመው ማደር ቻሉ ወይስ እንደ አምናው መቋሚያውም አላስቻለዎት? እትዬ እፀገነትን ያ ሳል ለቀቃቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የነነዌን ጾም ትናንት ፈጸምን። ጤፉም ሳይበሰብስ ተወቅቶ ገብቷል፤ ዘንድሮ የሰው ፊት ሳላይ ዓመቱን እደርሳለሁ። ስልኩ አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ የምነግርዎትም ነገር በስልክ የሚሆን አይደለምና ለሞጣ ገበያ በምትመጣው በጎረቤቴ በውበቴ እጅ ይህን ወረቀት ልኬያለሁ።

እንደሚያውቁት ከጽዳት ወደ ካርድ ክፍል ከተዛወርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል። አምና የጤና ጣቢያችን ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ውስጥ እንድገባላቸው መረጡኝ። እሷ አፍ የላትም፣ ለማንም አታዳላም ብለው ነው። ዘንድሮ አዲሱ የደረጃ ድልድል ሲለጠፍ ሰፈሩ ሁሉ ታመሰ። አንዱ በአገልግሎት ዓመት ይሁን ይላል፣ ሌላው በትምህርት ይሁን ይላል፤ አብረው ምሳ ይበሉ የነበሩ ሰላምታ አቋረጡ።

ቅሬታ ካቀረቡት አንዷ አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ትርሲት ናት። ሃያ ዓመት ያዋለደች ሴት፣ ራሷ ካሠለጠነቻቸው ልጆች በታች ተደለደለች። ምክንያቱ በፋይሏ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የድሮ ቃለ ጉባኤ ነው። በሰባት ዓመተ ምሕረቱ ምርጫ ሰሞን አንድ ሰው የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ የፓርቲ ፖስተር ለጠፈ። ሲስተር ቀስ ብላ ላጠችው፣ አጣጠፈችውና የዚያን ጊዜው ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ምጥ ይዟት የመጣች ሴት የማን ደጋፊ ነሽ አትባልም አለችው። ነገሩ ይኸው ነበር፤ ወለሉን እየወለወልኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቃለ ጉባኤው ግን ፖስተሩን ቀድዳ ረገጠችው፣ ወላዶችንም እንዳትመርጡ ብላ ቀሰቀሰች ይላል። ከሥሩ የሦስት ምስክሮች የጣት አሻራ አለበት፤ ስም የለውም። በዚያ ወረቀት ሰበብ ሲስተር ሁለት ዓመት ቆላ ተመድባ ከልጆቿ ተለይታ ኖረች።

ጋሼ፣ ከሦስቱ አሻራዎች አንዱ የእኔ ነው።

ያኔ ፊደል አልለየሁም። እኛ የጽዳት ሠራተኞች በየወሩ ሳሙናና በረኪና ስንወስድ ጣታችንን ቀለም ነክረን ነበር የምንፈርመው። በዚያ ወር ሁለት ወረቀት አቀረቡልን፤ ሁለቱንም የሳሙና መስሎኝ ፈረምኩ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ፣ ገና ጽዳት ላይ ሳለሁ፣ እርስዎ የላኩልኝን የፊደል ገበታ ይዤ፣ በበሽተኞች ካርድ ላይ ያለውን ስም እየቆጠርኩ ማንበብ ቻልኩ። ካርድ ክፍል በገባሁ በዓመቱ የሠራተኞችን ፋይል ወደ አዲስ መደርደሪያ አዛውሪ ተባልኩ። ለማንበብ የጓጓሁበት ጊዜ ነበርና ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ያንን ወረቀት አነበብኩት። በሦስተኛው አሻራ መሐል ነጭ መስመር አለ፤ ልጅ ሳለሁ ማጭድ የቆረጠኝ ጠባሳ ነው። ወረቀቱን መልሼ አስገባሁት። ለማንም አልነገርኩም። እርስዎ ከዚያ በኋላ በመጡ ቁጥር ራሷን በራሷ ያስተማረች እህቴ ብለው ሲመርቁኝ የማቀረቅረው በትሕትና አልነበረም።

ባለፈው ሳምንት ጉዳዩ ለኮሚቴው ቀረበ። የሰው ሀብት ሠራተኛው ስጦታው፣ ጊዜው ተቀይሯል፣ ያለፈው ፓርቲ የበደላት ናት ብለን እንጻፍላት፣ እሷም ለአሁኖቹ ስብሰባ ላይ አንድ ሁለት ቃል ትናገር፣ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል አለ። ክፋት የለበትም፣ መርዳቱ ነው። ሲስተር ግን ፈገግ ብላ መለሰችለት፦

«ያኔ ፓርቲ በሬ ላይ አይለጠፍ ብዬ ነው ዝቅ ያልኩት። አሁን ፓርቲ ደረቴ ላይ ለጥፌ ከፍ ልበል? ያዋለድኩበትን ዓመት ቁጠሩልኝ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ሰብሳቢያችን አቶ ደምለው ተጨነቁ። ምስክር ቃሉን ካላነሣ ወረቀቱ እንደጸና ይቆያል፣ እነዚህ አሻራዎች ደግሞ የማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም አሉና ፋይሉን ሊዘጉ እጃቸውን ዘረጉ። የእኔ አለበት አልኩ። ስጦታው ሳቀ፤ «እትዬ ፀሐይነሽ፣ ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ዛሬ ቀልድ ጀመሩ?» አለኝ። አውራ ጣቴን ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ጠባሳውን አየ፣ አሻራውን አየ፣ ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

አቶ ደምለው ደግ ሰው ናቸው። ማንበብ አይችሉም ነበር፣ ሳላውቅ ነው ብለው ይፈርሙ፣ ይበቃል አሉኝ። ያቺን መውጫ ሳያት አማረችኝ፣ አልዋሽዎትም። ሲስተር ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች።

«እሱ ለያኔው ነው» አልኩ። «ካነበብኩት ግን አምስት ዓመት አልፎኛል። እሱንም ጻፉልኝ።»

ጻፉት። በእጄም ፈረምኩ። ያ ወረቀት ከፋይሏ ወጣ፤ ሲስተርም በአገልግሎቷ ተቆጥሮ ደረጃዋ ተስተካከለ። እኔ ምስክር ዳኛ አይሆንም ተብሎ ከኮሚቴው ወጣሁ፣ ደብቀሻል ተብዬም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፋይል የማስገባው እኔው ስለሆንኩ ማስጠንቀቂያዬን በቦታው ያስገባሁትም እኔው ነኝ። አይዘኑብኝ፣ እንጀራዬ አልተነካም።

ሰኞ ዕለት ሲስተር የአንዲት ወላድ ካርድ ልትወስድ መጣች። ካርዱን ይዛ ቆመች። በየቀኑ በዚህ መስኮት እንደምን አደርሽ ሲሉኝ ያውቁ ነበር ማለት ነው አለችኝ። አዎ አልኳት። «ደረጃዬ በሳምንት ተስተካከለ፤ እኔ ግን በሳምንት አልችልም እትዬ። ጊዜ ይስጡኝ» ብላ ወደ ወላዷ ሄደች። አምስት ዓመት ያስጠበቅኳት ሴት ብታስጠብቀኝ ምን ይገርማል? ጠዋት ጠዋት መስኮቱን እከፍታለሁ፣ መጥታ ካርድ ትጠይቀኛለች፣ ዓይኗን አይቼ እሰጣታለሁ። ጋሼ፣ ይህን ያህል ደህና ሆኜ አላውቅም።

እትዬ እፀገነትን ጉልበትዎን ስማለች ብለው ሰላም ይበሉልኝ። ሰሎሜን አራስነትሽ እንዴት ነው ይበሉልኝ፤ ክርስትናው ሲደርስ መንገዱ ከተከፈተ እመጣለሁ። ታደለን በትምህርትህ በርታ ይበሉልኝ፣ ትንሿን ትዕግሥትንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለደጃችሁ ጎረቤቶች ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬ ይድረስ።

እህትዎ ፀሐይነሽ
ቢቸና፣ ጥር ፳፰ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.