የአባባ ጾም

እህቴ ሂንድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጅማ እንዴት ሰነበታችሁ? እኛ ካምፓላ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ስናወራ እማ አጠገቤ ስለምትሆን ነው የምጽፍልሽ።

አባባ ከመሞቱ በፊት ታሞ ያልጾማቸውን የረመዳን ቀናት እማ እየጾመችለት ነው። ስለዚህ ቀን ላይ የምትውጠውን የልብ ኪኒን ትታዋለች። ኪሰንዪ ያለውን ሱቅ አሁንም ራሷ ትከፍታለች። ጫማዋ እምቢ ስላላት ግን የአባባን ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው።

ትምህርት ቤት የደም ዝውውር ጀምረናል። መምህሩ ልብ ሲደክም ደም በደንብ ስለማይመለስ ውሃ እግር ላይ ይጠራቀማል አለን። ሌሎቹ ሲጽፉ እኔ አልጻፍኩም።

ማክሰኞ ክሊኒክ ሄደን አስተረጎምኩላት። ዶክተሩ፣ «ኪኒኑን ሳታቋርጥ ትወስዳለች?» አለኝ።

እማ፣ «አዎ በለው። የአባትህን ጾም ለማያውቀው ሰው አትዘርዝር» አለችኝ።

አዎ አልኩት። «እየወሰደች እግሯ ካበጠማ» ብሎ መጠኑን ጨመረላት። እኔንም ጎበዝ አስተርጓሚ ነህ አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ቤት ስንመለስ፣ «እኔ ልጹምለት» አልኳት።

«አንተ? ያን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ሮሌክስህን፣ ሳትበላ መች ትውላለህ!» ብላ ሳቀች። ሳቋን ለመጨረስ ግን መቀመጥ ነበረባት።

ሂንድዬ፣ የቀሩትን ቀናት እኔና አንቺ እንካፈላቸው። ትልቋ አንቺ ስለሆንሽ ብትነግሪያት እሺ ትላለች። ቶሎ ደውዪላት። በቀጠሯችን ቀን ዶክተሩ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ እሷም ያንኑ በለው ትለኛለች።

ለአክስቴ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አላህ ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።

ወንድምሽ ሙሀነድ