ኦርጅናል፣ ላሜራ ወይስ ስቱኮ?

መጋቢት 3
ጋራዡ በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። መዶሻ መያዝ ክልክል። ክሪኩ ሸርተት ብሎ መኪናው ጭንቅላቴን ከመታኝ ወዲህ ግራ ጎኑ አጥንት የለውም፤ የተገጨ ፓራፋንጎ ይመስላል። ቤት ውስጥ ሳይቀር የሞተር ሄልሜት አደርጋለሁ። ሐኪሙ ያወጣውን አጥንት እንዳይበላሽ ብሎ ሆዴ ላይ፣ ቆዳ ሥር ቀብሮታል። ወንድሜ፣ የጋራዡ ሸሪኬ፣ «ድሮ ለሆድህ ታስብ ነበር፤ አሁን ደግሞ በሆድህ ልታስብ ነው» ይላል።

ሚስቴ ግን አትስቅም። ያቺ መንደሩን በጩኸት የምታደርቅ ሴትዮ «እሺ የኔ ጌታ» ብቻ ሆናለች። ሻይ ደፋሁባት... «እሺ»። ሰው በቁሙ እንዲህ ይለቀሳል? ስድቧ ናፈቀኝ።

መጋቢት 9
ሐኪሙ ዘንድ። የራሴው አጥንት ይመለሳል፤ የምከፍለው የእጅ ብቻ! ኦርጅናል ዕቃ በነጻ... ለየትኛው ደንበኛዬ ደርሶት ያውቃል?

መጋቢት 15
ሆዴን ራጅ ተነሣሁ። አጥንቱ ሟሙቶ ወረቀት አክሏል። «አንዳንዴ ሰውነት መልሶ ይመጠዋል» አለ ሐኪሙ። ሆድ ይፍጀው ሲሉ እሰማ ነበር... ፈጀው።

መጋቢት 17
እንግዲህ ምርጫ። ቲታኒየም፦ በልኬ ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣ ላሜራ። ለሱ የጋራዡን ድርሻዬን መሸጥ ነው። በዋጋ ከሱ የባሰ ፕላስቲክም አለ... ዋጋውን ሐኪሙ ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። ሦስተኛው፦ ዱቄትና ፈሳሽ ይቀላቀላል፣ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ ይሞቃል፣ ይደርቃል።

«ስቱኮ ነዋ!» አልኩ።

ተቀየመኝ። «የአጥንት ሲሚንቶ ነው የሚባለው።»

ጭራሽ! «ይበረክታል?»

«ብዙ ሰው ኖሮበታል። በኃይል ከተመታ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ኢንፌክሽን ካገኘውም ይወጣል። ለእርስዎ ቲታኒየሙ ይሻላል።»

እኔም ደንበኛን እንደዚህ ነው የማስፈራራው።

መጋቢት 18
«ቲታኒየም ይሁን፤ ድርሻህን ሽጠው» አለች ሚስቴ ቀስ ብላ። ወንድሜም ወሬው ደርሶት ዋጋ ይዞ ከች። የወንድም ዋጋ አይደለም፤ የቁራሌው ነው። ጋራዡን ሸጬ፣ የማይሰነጠቅ ጭንቅላት ይዤ የማን በር ላይ ልቀመጥ?

«ሐኪሙ ሲሚንቶው ይሻልሃል ብሎኛል» አልኳት። ዋሸሁ።

«እሺ የኔ ጌታ።»

ሚያዝያ 4
ተሠራ። መስታወት አየሁ... ክብ ነው! ከጆሮዬ በላይ ትንሽ ጠርዝ አለው። እኔ ብሆን ፍቄ አስተካክለው ነበር።

ግንቦት 2
ለቁጥጥር ሄድን። ሚስቴ አብራኝ ገባች። ሐኪሙ አፉ አያርፍ፦ «እኔማ ቲታኒየሙን ነበር የመከርኳቸው» አላት እየሳቀ። እሷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ቀድማኝ ወጣች።

የቤታችን በር እንደተዘጋ ፈነዳች። «ለጋራዥ ብለህ? ለቁርጥራጭ ብረት? ብትሞትብኝስ? ጭንቅላት የሌለህ!»

የተናገረችውን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ገና ምን ሰማሽ» አልኳት፤ «ዋጋውንም ተከራክሬ አስቀንሻለሁ።»

ጮኸችብኝ። እኔም መለስኩላት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እስኪመሽ ተጣላን... እንደ ጤነኛ ሰው።