ልጓሙን ሲያላሉለት

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፣ ከአባትሽ ትከሻ በቀር። አትደንግጪ፣ እየዳነ ነው።

ከውድድር ጡረታ የወጣ ፈረስ አምጥተውልን መሰናክል መዝለል እያስተማርነው ነው። ፍርሃቱ ለጉድ ነው፤ የጋጣው በር ሲንኳኳ እንኳ ላብ በላብ ይሆናል። አባትሽ ደግሞ እንደምታውቂው የያዘውን አይለቅም። ፈረሱ ሲፈጥንበት ልጓሙን ሳበ፤ ፈረሱም ባሰበት። ሲስብ፣ ሲፈጥን፣ መጨረሻቸው አጥሩ ሥር ሆነ። የድሮ ጋላቢው ሊጠይቀን መጥቶ፣ "እሱ እኮ ልጓሙ ሲወጠር ሩጥ የተባለ ነው የሚመስለው" አለን።

አሁን የምጋልበው እኔ ነኝ። "በዚህ ዕድሜሽ!" ይለኛል አባትሽ፤ እንዳልሰማ አልፈዋለሁ። ትናንት ሜዳው መሃል ፈረሱ ሽምጥ ሊጋልብብኝ ሲል፣ ልጓሙን አላላሁለት። ቀስ አለ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ።

አባትሽ ክንዱን ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣ "መቼ እንደምትመጣ ቁርጡን ጠይቂያት" እያለኝ ነው። እኔም በየደብዳቤው ስጠይቅሽ ኖሬያለሁ፤ መልስሽም እያጠረ ሄደ። ዛሬ አልጠይቅሽም።

ብርዱን ተጠንቀቂ፣ ሳትበዪ አትውጪ። በወጣሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፤ ለአባትሽ ስትጽፊ፣ "እማዬ ጠይቃኛለች" በዪልኝ።

እናትሽ