የወይራ አፋፍን ሕዝብ በከረጢት ስለ መላክ

ለተከበሩ የመልክዐ ምድርና የሕዝብ ብዛት ጥናት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ባልደረቦችዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ነው? የእኛን ከጠየቁ እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ደህና ነን፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ጤና ኬላችንን የሚያስዘጉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።

እኔ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲኬድ ከግንደወይን ወጣ ብላ በምትገኘው በወይራ አፋፍ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ያሳተመውን የወረዳዎችን መልክዐ ምድርና ሕዝብ የሚገልጽ መጽሐፍ ለትምህርት ቤታችን በነፃ ስላደለን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ወረቀቱ ወፍራም፣ ሽፋኑም የሚያብረቀርቅ ነው። ቅሬታዎቼ ከሽፋኑ ቀጥሎ ይጀምራሉ።

አንደኛ፣ መጽሐፉ ወይራ አፋፍን ሞቃታማ ቆላ፣ ማሽላ አብቃይ ይላታል። ይህን ሳነብላቸው ተማሪዎቼ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በአክብሮት አዳመጡኝ። እኛ ማሽላ የምናየው ከታች ያሉት የቆላ ሰዎች ለገበያ ሲያወጡት ነው። ሙቀት ስለመደቡልን እናመሰግናለን፤ እስካሁን ግን አልደረሰንም።

ሁለተኛ፣ በካርታው ላይ ከእኛ ተነስቶ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚወስድ ቀጭን ቀይ መስመር አለ። መስመሩ ወንዛችንን ሳይፈራ ቀጥ ብሎ ያቋርጠዋል። ድልድይ የለም። ወንዙ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሲሞላ በቅሎ እንኳ አይደፍረውም፤ የሚሻገረው ቀዩ መስመር ብቻ ነው።

ሦስተኛውና እንቅልፍ የነሳን፣ ሕዝባችን ሁለት መቶ አሥራ አንድ ነው መባሉ ነው። ለዚህ ያህል ሰው ጤና ኬላ አይገባም ተብሎ በሰኔ መጨረሻ እንዲዘጋ፣ አዋላጅ ነርሳችን ሲሃምም ወደ መጣችበት ወደ ሞጣ እንድትመለስ ደብዳቤ ደርሶናል። ትምህርት ቤታችን ብቻ ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ ተማሪ አለው። በእርስዎ ስሌት የማስተምረው ገና ያልተወለዱትን ነው።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኛም ነው። በእኛ ዘንድ ነዶ ይቆጠራል፣ ከብት ይቆጠራል፤ ሰው አይቆጠርም። ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት መጣ ተብለን ነው ያደግነው። ስንት ልጅ አለሽ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢመጣ፣ እሱ የሰጠኝን ያህል ይባላል፤ እንግዳውም ጨዋ ከሆነ ወሬ ይለውጣል። መረጃ ሰብሳቢዎችዎ እጅግ ጨዋዎች ነበሩና ወሬ ለወጡ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ እሱ ያውቃል በማለቷ መካን ሆና ተመዘገበች፤ እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ አግዳሚ ወንበር የያዙት የእሷ ልጆች ናቸው። የቅኔ መምህሩ የኔታ ሣህለ ማርያም ስንት ደቀ መዝሙር እንዳላቸው ሲጠየቁ ስለ ዳዊት ኃጢአት ረዘም ያለ ትምህርት ሰጡ፤ ጎጆው በተማሪ ተጨናንቆ ሳለ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ተባሉ። የጨው ነጋዴው ኸይረዲን ደግሞ የቤተሰቡ ብዛት ሲጠየቅ አልሐምዱሊላህ አለ። ዜሮ ተጻፈለት።

ክቡር ሆይ፣ ጎረቤቴ ፋንታነሽ በነሐሴ ትወልዳለች። ጤና ኬላው ሳይከፈት በፊት፣ የመጀመሪያ ልጇን አምጣ በቃሬዛ ስንወስዳት ወንዙ ሞልቶ ጠበቀን። ልጁ የተቀበረው ከወንዙ ወዲህ ነው። በመጽሐፍዎ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ይህን ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ምክትልዎ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ ሕዝብ ካላችሁ አምጡና አሳዩን ብለው በፈገግታ ሸኙኝ። ስለ ፈገግታቸውም አመሰግናለሁ።

መልሱን ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው ነገርኩ፤ ኸይረዲንና ጎረቤቶቹም ተጠርተው መጡ። እንቆጠር ባይና እንዴት ተደርጎ ባይ እየተነታረከ ረፋዱ አለፈ። ኸይረዲን መቅሠፍቱ ከመጣ የሚተርፈው ገና ያልተቆጠረው የእኔ ቤት ነው ብሎ አሳቀን። የኔታ ግን አልሳቁም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱና፣ «ሰው አይቆጠርም» አሉ። «ባቄላ ግን ይቆጠራል።»

በማግስቱ ሲሃም ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ከረጢት ይዛ ቆመች። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ በቤቱ ነፍስ ልክ ባቄላ በጭብጡ ይዞ፣ እጁን በጋቢው ሸፍኖ ጨመረ። ወለተ ኢየሱስ ጀርባዋን ሰጥታ ስታፈስ ድምፁ አላቋርጥ አለን፤ ሁላችንም ወደ ሰማይ አየን። ኸይረዲን ተራው ሲደርስ «ሲሃሜ፣ በሁለት እጅሽ ያዢው፤ ዜሮ ይከብዳል» አላት።

ፋንታነሽ የራሷንና የባሏን ጨምራ ሄደች። ከመንገድ ተመልሳ አንድ ባቄላ ይዛ ከረጢቱ አጠገብ ቆመች።

«ይኸኛው የነሐሴ ነው» አለች። «አሁን ልጨምረው ወይስ ልቆይ?»

ሲሃም ባቄላዋን ከእጇ ተቀበለች። ከቀሚሷ ጫፍ ቀይ ክር መዘዘችና በባቄላዋ ላይ አስራ ራሷ ጨመረችው። ቀጥላም የራሷን አንድ ባቄላ ጣል አደረገች፤ ወደ ሞጣ ትመለስ ያላችኋት ሴት መሆኗ ነው።

እነሆ፣ በጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ መሠረት ሕዝባችንን አምጥተናል፤ ከረጢቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። መቁጠሩ የእርስዎ የሥራ ድርሻ ስለሆነ እኛ አልደፈርንም።

ዘመንዎ እንደ መጽሐፍዎ ሽፋን የሚያብረቀርቅ፣ መንገድዎ ሁሉ እንደ ቀዩ መስመር ወንዝ የማያግደው እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከሁለት መቶ አሥራ አንዱ መካከል ልኑር አልኑር እስካሁን ያላረጋገጥኩ፣ በቆላዎ ብርድ የምንቀጠቀጥ ታዛዥዎ፣

መምህር ይታገስ ወልደ ሰንበት
ከወይራ አፋፍ

ማሳሰቢያ፦ ባቄላው የዘር ነውና ቆጥረው ሲጨርሱ ይመልሱልን። በሻይ ሰዓት ቆሎ ሆኖ ወይም ነቀዝ በልቶት ቢጎድል አናኮርፍም፤ ልማዳችን ስለሆነ መልሰን አንቆጥረውም። ቀይ ክር የታሰረባት ከጠፋች ግን ሳንቆጥር እናውቃለን።